ጠላትን ማግባት የባዕድ ቅዠት ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ ወጣቶች ስለሚሻሟቸው የምናባዊ ዓለም የፍቅር ልብ ወለዶች የቀረበውን አስተያየት አንብቤዋለሁ። አስተያየት ሰጪው፣ ሁለት ጠላት መንግሥታት ለዕርቅ ሲሉ ልጆቻቸውን የሚያጋቡበትንና በጥላቻ የተጋቡት ሙሽሮች በመጨረሻ የሚዋደዱበትን ታሪክ ከእኛ ጋር የማይዛመድ የባዕድ ቅዠት አድርገው አቅርበውታል። በዚህ አልስማማም። እኔ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያገለገሉ መጻሕፍት የምሸጥና የማከራይ ሰው ስሆን፣ እነዚህን መጻሕፍት አዘውትረው የሚጠይቁኝ ለሥራና ለትምህርት ወደ መሀል ከተማ የሚመላለሱ፣ አውቶቡስ ሲጠብቁና መንገድ ላይ ሳሉ የሚያነቡ ወጣት ሴቶች ናቸው። (ብዙዎቹ በቴሌግራም የተላከላቸውን ፒዲኤፍ ከጨረሱ በኋላ ነው ወደ እኔ የሚመጡት፤ ለገበያዬ መልካም ዜና አይደለም።)

አስማቱና ዘንዶው ለእነዚህ አንባቢዎች ጌጥ ነው። ጋብቻው የሰላም ውል በመሆኑ ማፍረሱ ጦርነት ያስነሣል፤ ስለዚህ ትራሷ ሥር ጩቤ ደብቃ የምትተኛው ልዕልት ጥላ መሄድ አትችልም፤ አንባቢዋን እንቅልፍ የሚነሣት ይህች ሴት ጠላቷን መቼና በምን ምክንያት እንደምታምነው የማወቅ ጉጉት ነው።

ጠላትን በጋብቻ ማሰር ደግሞ የእኛ መሳፍንትና ነገሥታት ሲጠቀሙበት የኖሩት ስልት ነው። የራስ ዐሊ እናት እቴጌ መነን፣ ያስቸገራቸውን ካሣ ኃይሉን ለመያዝ ሲሉ የልጅ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። ካሣ ግን ኋላ ሸፍቶ አማቱን ራስ ዐሊን በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ድል ነሣ፤ ለማሰሪያ የተሰጡት ተዋበችም ከአባታቸው ይልቅ ለባላቸው ታማኝ ሆነው በ1850 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ አብረውት ኖሩ። አሁን ከሚነበቡት ልብ ወለዶች ይህን የሚበልጥ ሤራ ያለው ብዙ አላየሁም።

ሆኖም ካሣ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉ በኋላ፣ ሁለተኛ ያገቡት በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው ያሰሯቸውን የደጃዝማች ውቤን ልጅ፣ ጥሩወርቅን ነው። እቴጌይቱ ልዑል ዓለማየሁን ቢወልዱም ትዳሩ ሰላም አላገኘም፤ ንጉሡ መቅደላ ላይ በሞቱበት በ1860 ዓ.ም. እሳቸውም ከእንግሊዞች ጦር ጋር ወደ ባሕር ጠረፍ ሲጓዙ መንገድ ላይ ዐረፉ። ዘውዲቱ ምኒልክም ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ሲዳሩ ገና ሕፃን ነበሩ፤ ያ ጋብቻ የሁለት ነገሥታት ጉዳይ እንጂ የሙሽሪት ጉዳይ አልነበረም።

እንግዲህ የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ልብ ወለዶቹ የሚያውቁት የተዋበችን ዓይነት ፍጻሜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያስፈራራና የሚያዋርድ ባል፣ መልከ መልካም ስለሆነና የልጅነት ሐዘን ስላለበት ብቻ በአሥረኛው ምዕራፍ ይቅር ይባላል፤ ልጅቷ መሄድ ስላልቻለች መቆየቷ እንደ ፍቅር ይቆጠርላታል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ይደነግጋል፤ ይህን ድንጋጌ በቤተሰቧ ውስጥ ገና እየተከራከረችበት ላለች ወጣት አንባቢ፣ በግድ መቆየትና ወዶ መቆየት ተለይተው ሊጻፉላት ይገባል። ጎበዝ ደራሲ ውሉ የሚፈርስበትንና በሩ የሚከፈትበትን አንድ ቀን ይፈጥርላታል፤ ያን ጊዜ ብትቆይም ብትሄድም እናምናታለን። ዓምዳችሁ መጻሕፍቱን በዚህ ቢመዝናቸው ኖሮ ብዙዎቹን ባልተከራከርኩላቸው ነበር።

የእኛ ደራስያን ጉዳዩን ለተርጓሚዎች ብቻ መተዋቸውም ያሳዝነኛል። የእቴጌ ጥሩወርቅን ጋብቻ በእሳቸው ዓይን፣ ቢፈልግ ዘንዶ ጨምሮበት የሚጽፍ ደራሲ ቢገኝ፣ ከሱቄ በር ላይ ያለውን መደርደሪያ ለእሱ እለቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
መጻሕፍት አከራይ፣ ከቱሉ ዲምቱ