የስፌትና ጥልፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ጥበቡን ገልብጦ ማየት

የኬሚስትሪ መምህር ከመርፌና ከክር ጋር ምን አገናኘው ያላችሁኝ ባልደረቦቼ ብዙ ናችሁ፤ መልሱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ክበቡ በጥቅምት ሲጀምር የተመዘገቡት ሃያ ያህል ተማሪዎች የመጡት ለአንድ ነገር ነበር፤ ለወላጆች ቀን የሐበሻ ቀሚስ ሰፍቶ ለመልበስ። መልበሱን ማን ያቅተዋል! ቀሚሱ ከየት ይመጣል ስላቸው ግን መልሳቸው «ከሽሮ ሜዳ» ብቻ ሆነ። ስለዚህ መቀስ ከመያዛችን በፊት ጥጥ ያዝን። የአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አያት መዳመጫቸውን፣ ደጋናቸውንና እንዝርታቸውን ይዘው መጡልን። ጥጡን ከፍሬው ለይተው፣ ነድፈው፣ ባዘቶውን ሲፈትሉት ክሩ ከጣታቸው ሳይቋረጥ ይወርዳል። ልጆቹ ሲሞክሩት በየስንዝሩ ይበጠሳል። «አትጎትቺው የኔ ልጅ፣ እየለቀቅሽለት» ይላሉ እማማ። ያን ዕለት አንድ ልቃቂት እንኳ አልሞላንም።

በኅዳር ሽሮ ሜዳ ወጣን። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ይህ ሰፈር ለብዙዎቻችን ሱቆቹ ናቸው፤ እኛ ግን ከሱቆቹ ጀርባ ገባን። ሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ በድሩ መሐል ሲያሳልፍ ሸማው ቶሎ ቶሎ ያድጋል። ጥበቡ ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ፍጥነት ይቀራል። የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፣ ባለ ቀለሙን ክር ያስገባል፣ ይመታል፣ እንደገና ይቆጥራል። ፊቱ የተዘረጋ ሥዕል የለም። «ዋጋው ለምን ይወደዳል?» የሚለው ጥያቄ ከልጆቹ አፍ የጠፋው እዚያ ነው።

በክበባችን ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ፤ መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ተቀልዶባቸዋል። ከሽሮ ሜዳ ስንመለስ ቀልዱ ቆመ፤ እዚያ ሸማኔዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ቀሚስ ሰፊዎቹም አብዛኞቹ ወንዶች ናቸውና።

ዘንድሮ ደጋግሜ ለልጆቹ የነገርኳቸው አንድ ጉዳይ ነበር። በአገራችን ሸማውን ለብሶ መድመቅና ሸማኔውን መናቅ ለረጅም ዘመን አብረው ኖረዋል። «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ለሸማኔ የወጣ ነው፤ አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ለዓድዋ በዓል ዋዜማ ሚኒ ሚዲያው የክበባችንን ጽሑፍ ሲጠይቅ ተማሪዎቹ የጻፉት ስለዚሁ አዋጅ ነው። በቀሚስ መኩራት ከሸማኔው ካልጀመረ ኩራቱ አይገባኝም።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው። ገበያው በፋብሪካ በታተመ ጥበብ ተሞልቷል፤ ከውጭ የሚገባው ከሩቅ ሲታይ እውነተኛውን ያስንቃል። ከየቀሚሱ ጠርዝ ጥቂት ክር መዘን ላቦራቶሪ ገባን። የጥጡ ክር ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ነድዶ ለስላሳ አመድ ሆነ፤ የፖሊስተሩ ተሸማቅቆ ቀለጠና ሲበርድ ጠጣር ጠብታ ሆኖ ቀረ። ስለ ፖሊመር ክፍል ውስጥ ያወራሁት ሁሉ እንዲህ ገብቷቸው አያውቅም። እሳት ሳያስፈልግም መንገድ አለ፦ ጥበቡን ገልብጦ ጀርባውን ማየት። በእጅ የተሠራው ከጀርባው የክሩ መሄጃ ይታያል፤ የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በየደረሱበት የሰው ቀሚስ ጫፍ መገልበጥ ጀመሩና ተው ማለት ነበረብኝ። ወላጅ የታተመውን የሚገዛው አቅሙ የፈቀደለት እሱ ስለሆነ ነው፤ በዚያ የምትሸማቀቅ ተማሪ እንዳትኖር ተነጋግረናል።

ስፌቱ ራሱ ከየካቲት በኋላ ነው የተጀመረው። ሸማ እንደ ጣቃ ጨርቅ አይቆረጥም። መወርወሪያው በእጅ ስለሚወረወር ወርዱ የሸማኔው ክንድ ከሚደርስበት አያልፍም፤ ጥበቡም የትም ቢያርፍ ማዛወር የለም። ስለዚህ ልኬቱ የሚጀምረው ከጥበቡ ነው፦ መጀመሪያ የደረቱና የታችኛው ጠርዝ፣ ቀጥሎ እጅጌው፣ ቀሪው ለትከሻና ለወገብ። ጠርዙ ወዲያው ካልተጠለፈ ይተረተራል። አንድ እጅጌ ጥበቡ መሐል ላይ ተቆርጦብን ቦርሳ ሆኗል፤ ቆንጆ ቦርሳ ነው። ያለን አንድ የእግር ሲንጀር የስፌት መኪና ነው፤ ተራ የሚጠብቁት በእጅ ጥልፍ ይሠሩ ነበር። በሰኔ አምስት ቀሚስ አለቀ።

በወላጆች ቀን ለባሾቹ ነጠላቸውን እንደየአጋጣሚው እየለወጡ አሳዩ፤ ለደስታ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለኀዘን ደግሞ ጥበቡን ወደ ፊታቸው አቅርበው። የማደግደግን፣ ነጠላን ታጥቆ አክብሮት የማሳየትን፣ ሥርዓት ያሳዩልን እኚያው አያት ናቸው። አንዲት የሐረሪ ተማሪያችን ደግሞ በሁለቱም ወገን የሚለበሰውን የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቀርባ መድረክ ላይ ገለበጠችው። ከጭብጨባው ሁሉ የበለጠው ለእሷ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ከአንድ ዓይነት ቀሚስ አልፈን እንድንሄድም ያሳሰበችን እሷ ናት።

ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) የሁለተኛ ማሽን ጥያቄያችን መልስ እንጠብቃለን። ምዝገባው መስከረም ላይ ላቦራቶሪው በር ላይ ነው፤ መርፌና የጣት ቆብ ከቤት ይዛችሁ ኑ።