የራስ ደጀን ከፍታ ስንት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ስለ ኢንተርኔት አሳይመንት የጻፉትን ቅሬታ አነበብኩ። ልጃቸው በየሳምንቱ ለፕሪንት ገንዘብ እንደሚጠይቅ፣ ይዞት የሚገባውን ወረቀት ግን እንደማያነበው ጽፈዋል። እውነታቸውን ነው። በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ይህን ጥፋት እኔም ሠርቼዋለሁ።

አምና «ስለ ኢትዮጵያ ተራሮች ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ አምጡ» ብዬ አዘዝኩ። ወረቀት መጣ። ግማሹ አንድ ዓይነት ነው። ሰፈር ያለው ኢንተርኔት ቤት አንዴ አውርዶ ለሁሉም አትሞላቸዋል። ሰማያዊዎቹ ቃላት ከነመስመራቸው ወጥተዋል። አንዱን ልጅ ተነስተህ አንብብልን አልኩት። በቅንፍ ውስጥ ያለችውን የምንጭ ቁጥር ሳይቀር «አራት» ብሎ አነበባት። ከክፍሉ ማንም ልብ አላለም። ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም። ለመሆኑ ምን እንዲፈልግ ነግሬው ነበር?

እኔ ራሴ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ በሳተላይት ቴሌቪዥን መጣ። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይሮጣል። ቆይ አይባል፣ አልገባኝም አይባል። የክፍላችን መምህር የነበራቸው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ተማሪዎቼን «ከኢንተርኔት አምጡ» ብዬ ስሰድ ያንኑ በእነሱ ላይ እየደገምኩ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በርኒ ዶጅ የተባለ የሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1995 እ.ኤ.አ. ዌብኩዌስት የሚባል አሠራር አውጥቶ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። መምህሩ ጥያቄውን ያጠባል፣ የሚነበቡትን ገጾች ራሱ ይመርጣል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ ይሰጣል። ልጆቹ ድካማቸውን ፍለጋ ላይ ሳይሆን ማንበብና ማመዛዘን ላይ ያውሉታል። ዘንድሮ ይህን ሞከርኩ።

ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ የራስ ደጀን ከፍታ ስንት ነው? እኔ ተማሪ እያለሁ 4,620 ሜትር ብዬ ነው የሸመደድኩት። አሁን አንዱ ገጽ 4,533 ይላል፣ ሌላው 4,550። ስሙም ራሱ ሁለት ነው። አንዳንዱ ራስ ደጀን ይለዋል፣ ሌላው ራስ ዳሸን። ሳዘጋጅ «ዳሸን» ብዬ ስፈልግ ቀድመው የመጡልኝ ባንኩና ቢራው ናቸው። ልጅ እዚህ ጋ ነው መንገድ የሚስተው። ስለዚህ አምስት ገጾች መርጬ በፍላሽ ያዝኩ፤ ኔትወርኩ በመሃል ይጠፋል። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌርም ጫንኩ። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል።

የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 14 ናቸው፣ ተማሪዎቼ 56። አራት አራት ሆነው ተቀመጡ። አንዱ ቁጥሮቹን ይለቅማል። ሁለተኛው ገጹን ማን ጻፈው፣ መቼ ተጻፈ ብሎ ያያል። ሦስተኛው ከፍታው እንዴት እንደተለካ ይፈልጋል። አራተኛው ይጽፋል።

ያን ዕለት ክፍሉ ተንጫጫ፤ ግን ስለ ሥራው ነበር። አንዱ ቡድን በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር ላይ በራዳር የምድር ከፍታ መለካቱን አገኘ። ራዳሩ የሚሰጠው የአንድን ቁራሽ መሬት አማካይ ከፍታ ስለሆነ ሹል ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ይህን ሰሌዳው ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ከመስከረም ጀምሮ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ ድሮ የተማራችሁት ስህተት ነበር ማለት ነው?» አለችኝ።

«ሊሆን ይችላል የኔ ልጅ። በምን እናረጋግጥ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰችና «ይሄኛው እንዴት እንደተለካ አይናገርም» አለች። ጣቷ ስክሪኑ ላይ 4,620 የሚለው ጋ ነበር።

አንዱ ቡድን 4,533ን መረጠ፣ ሌላው 4,550ን። ምክንያታቸውን በራሳቸው አማርኛ በሦስትና አራት መስመር ስለጻፉ ለሁለቱም ሙሉ ማርክ ሰጠሁ። የተኮረጀ ወረቀት አንድም አልመጣም። የሚኮረጅ ነገርም አልነበረም።

ችግር የለውም አልልም። ሁለት ክፍለ ጊዜ በልቶብኛል። ባልደረቦቼ «ፖርሽኑን መቼ ልትጨርስ ነው?» ይሉኛል። አባባላቸው ይገባኛል፤ ፈተናው አንድ መልስ ብቻ ነው የሚፈልገው። አምስቱን ገጾች ለመምረጥም ቅዳሜዬን ሙሉ ፈጅቶብኛል። ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ነው። ክፍሉ የአይሲቲ ነው ተብሎ ሌላ ትምህርት አይገባበትም። ለሁለት ክፍለ ጊዜ ሦስት ሳምንት ደጅ ጠናሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ተቆልፎ ነው የሚውለው።

ርዕሳነ መምህራንን የምለምነው ይህንኑ ክፍል እንዲከፍቱልን ነው። በሳምንት ለአንድ ክፍል አንድ ጊዜ ቢደርሰን ይበቃናል። ለጻፉት እናት ደግሞ፤ ልጅዎ «ከኢንተርኔት አምጡ ተባልን» ሲልዎት እባክዎ መምህሩን «ጥያቄው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁልን። እኔን የጠየቀኝ ወላጅ አልነበረም። ቢጠይቀኝ ቶሎ እነቃ ነበር።

የሚቀጥለው ሥራችን የጣና እምቦጭ ነው። ገጾቹን ከወዲሁ እየሰበሰብኩ ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ ደህና ነገር ማግኘት ግን ቸግሮኛል። በእጁ ያለው መምህር ካለ በዚሁ ጋዜጣ ይጻፍልኝ። እኔም የራስ ደጀኑን አዘጋጅቼ እልካለሁ።

አንድ የጂኦግራፊ መምህር
ከአዲስ አበባ