ጭራቅህ እየተላጠ ነው

ሰይዶ፣

ሰላም ነው? ልጆቹስ? መጥፋቴን ለዛሬ ተወው፤ ስንገናኝ እንደ ልብህ ትሰድበኛለህ። አሁን የጻፍኩልህ ስለ ጭራቁ ሥዕልህ ነው።

ፒያሳ ቡና ቤቱ ውስጥ የሰቀልከው፣ በርኖስ ደርቦ እንደ ድሮ ባላባት ፎቶ የሚነሣው ሰውዬ፣ ከቀንዱ ሥር ተሰነጣጥቋል። ግራ ጉንጩ ላይ ቀለሙ ጫፉ ወደ ላይ ተቆልምሞ ጥፍር የሚያህል ቅርፊት ረግፏል። ስንጥቁ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ቢሄድ ኖሮ ጥፋቱ የዋንዛው ነው እል ነበር፤ የጦሳ ተራራ ጉም ሲገባበት ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይኮማተራል። ያንተው ግን እንደ ደረቀ ኩሬ በየአቅጣጫው ነው የተሰነጠቀው። ይሄ የሙጫ ጣጣ ነው። ከቀለሙ ሥር ደራርበህ ከምትቀባው ጀሶ የላይኛው ከታችኛው የበለጠ ሙጫ ካለው ሲደርቅ ይስብና የታችኛውን ገንጥሎ ይነሣል። አንድ እጅ የቆዳ ሙጫ በአሥር እጅ ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ከዚያ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጦ ከ60 ዲግሪ ሳያልፍ ማሟሟት፤ ከፈላ ጉልበት የለውም። ወደ ላይኛው ሽፋን ስትሄድ ማቅጠን እንጂ ማወፈር የለም። የግንበኛ ጀሶ ከሆነ ደግሞ (እጠረጥርሃለሁ!) በብዙ ውሃ ውስጥ በየቀኑ እየተማሰለ ወር ያህል ካልቆየ ገና ሳትቀባው ድንጋይ ይሆናል።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳሙ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ሥዕል ከ700 ዓመት በላይ ቆየ እንዳትለኝ። እሱ ብራና ነው፤ ከቀለሙ ሥር የሚነሣ ጀሶ የለውም።

ደግሞስ በኛ በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ክፉ በጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚሣልለት። አንተ ጭራቁን ፊት ለፊት አስቀምጠህ ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጥተህ ጻድቅ አደረግከው እኮ! እኔ ግን... ነግሬህ አላውቅም እንጂ፣ ከሥራዎችህ ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

አብሽር፣ ይድናል። ሰሌዳውን በጀርባው አስተኝቶ፣ ከተነሣው ቅርፊት ሥር መጀመሪያ አንድ ጠብታ አልኮል፣ ሙጫው ሰርጎ እንዲገባ። ቀጥሎ አንድ ለሃያ የቀጠነ ለብ ያለ ሙጫ በቀጭን ብሩሽ። ከላይ የማይጣበቅ የመጋገሪያ ወረቀት፣ በላዩ ትንሽ የአሸዋ ከረጢት፣ እስኪነጋ አለመንካት። ባለቤቱ አውርጄ እንድወስደው ፈቅዷል።

የያዘኝ አንድ ነገር ነው፤ ቀለሙን በእንቁላል አስኳል ነው የበጠበጥከው ወይስ አክሪሊክ ነው? አክሪሊክ ከሆነ አልኮሉ ያለሰልሰውና ብሩሼ ጉንጩን ይዞት ይመጣል። እንቁላልም ቢሆን መጀመሪያ ጥግ ላይ እሞክረዋለሁ፣ አትስጋ። ብቻ ክረምቱ ሳይገባ መልስልኝ፤ በዚያ እርጥበት ሙጫው ቶሎ አይደርቅም፣ ይሻግታል።

የረገፉትን ቅርፊቶች ክብሪት ቤት ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። የጢሙ ጫፍ ግን የለችም፣ ከቆሻሻው ጋር ሳትጠረግ አልቀረችም። ጥቁሩን በጥላሸት ነው ወይስ በከሰል የሠራኸው? እሱንም ጨምረህ ጻፍልኝ።

ያው ወንድምህ