ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ እንጀራው ሻንጣ

ቢሾፍቱ፣ ጥቅምት

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ክረምቱ በጊዜው ወጣልን። ከቤታችን ጀርባ ያለው ማሳ ዘንድሮ ሽምብራ ተዘርቶበት አረንጓዴ ለብሷል።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። «አባዬ፣ የምንበላው ነገር ምድርን ባይጎዳ ደስ ይለኛል፤ ከየት እንደምጀምር ግን ግራ ገባኝ» አልሽኝ። ኦርጋኒክ የሚል ምልክት ያለበትን አትክልት በእጥፍ ዋጋ መግዛት መጀመራችሁን፣ የፕላስቲክ ዕቃዎቹን በብርጭቆ መቀየራችሁን ነገርሽኝ። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «እማዬ የምትልከው እንጀራስ?» አልሽ። እናትሽ አጠገቤ ነበረች፤ ሰምታለች። ያን ማታ እራቷን በቅጡ አልበላችም።

እኔም በማግስቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። ዕድሜዬን በግብርና ባለሙያነት ስሠራ ሳይቆጥሩ አለመናገርን ለምጃለሁ።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ኪሎ ዕቃ ይህን መንገድ በአየር ሲሄድ በግምት 10 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። እናትሽ በአንድ ጊዜ 40 እንጀራ ትጠቀልላለች፤ 12 ኪሎ ይሆናል። ከእሱም ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ውሃ በአውሮፕላን ስንልክ ከርመናል ማለት ነው። አንዱ ሻንጣ ብቻ 120 ኪሎ ያህል ካርቦን ይወጣበታል። ያን ጊዜ ሻንጣው ዘግይቶ ደርሶ 40ውም እንጀራ ሻግቶ የጣልሽው ትዝ ይልሻል? በስልክ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። ያለቀስሽው ለእናትሽ እጅ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስሌቱን ግን እዚያ ላይ አላቆምኩትም። ባለቤትሽ ጥብስ እንደሚወድ፣ በሳምንት ሁለት ኪሎ የበሬ ሥጋ ከቤታችሁ እንደማይጠፋ እናትሽ ነግራኛለች። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ፤ በ119 አገሮች ከ38,000 በላይ እርሻዎችን መረጃ አሰባስቧል። እንደ እሱ ከሆነ፣ የተለያዩት ጋዞች በካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ ሲመነዘሩ፣ ለሥጋ ተብሎ ከሚረባ ከብት 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት በአማካይ 50 ኪሎ ይወጣል። ከዶሮ 6 ኪሎ አይሞላም። ከጥራጥሬ አንድ ኪሎም አይደርስ። ሁለት ኪሎ ሥጋ 400 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። አባዢው፤ 200 ኪሎ ይመጣል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚላክ ሻንጣ ስንጨነቅ፣ ከሻንጣው የሚበልጠው በየሳምንቱ ከማቀዝቀዣችሁ ይወጣል።

ይህን ለእናትሽ ሳነብላት ፊቷ በራ።

በዚያው ጥናት፣ ከምግብ ከሚወጣው ጋዝ ሁሉ የማጓጓዣው ድርሻ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ምግቡ በአውሮፕላን ካልመጣ በቀር፣ ከየት መጣ ከማለትሽ በፊት ምን ዓይነት ምግብ ነው በይ። ኦርጋኒኩንም አቅምሽ ከቻለ ግዢ፤ ግን ኦርጋኒክ የተባለ በሬም ያመሰኳል። ሲያመሰኳ የሚያገሳው ሜቴን ነው ትልቁ ጉዳይ። ለግጦሽና ለመኖ የሚመነጠረው መሬት ደግሞ በላዩ ይታከልበታል።

ልጅ ሳለሁ በመንደራችን ለመስቀልና ለፋሲካ በሬ በቅርጫ ይታረድ ነበር። መደቡ በእኩል ይደለደላል፣ ዕጣ ይጣላል። ጨጓራው ዱለት ይሆናል፣ አጥንቱ ይቀቀላል፣ ቋንጣው ተሰቅሎ ይከርማል። የሚጣል ነገር አልነበረም። ድህነትም ነበረበት፣ ይህን አልሸፍንልሽም፤ ሥጋ ብርቅ የሆነብን ስላልነበረን ነው። እንዲያም ሆኖ የዚያን ጊዜ ሥጋ ክብር ነበረው። ባለቤትሽን ጥብስ ከልክይው አልልም። እሑድ ከወዳጅ ጋር ይብላ። አንዳንዴም በዶሮ ይቀየር። ሌላው ቀን የጥራጥሬ ይሁን።

ጥራጥሬ ስል እንደው ቁጥሩ ስላነሰ ብቻ አይደለም። እዚህ በአድአ፣ ኮትቻ በምንለው ጥቁር አፈር ላይ ገበሬው ጤፍ ካጨደ በኋላ በሌላው ዓመት ሽምብራ ወይም ምስር ያፈራርቅበታል። ሽምብራው የሚዘራው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፤ አፈሩ ባቆረው እርጥበት ብቻ ይደርሳል፣ መስኖ አይጠይቅም። አንዱን ነቅለሽ ሥሩን ብታዪው ትናንሽ እባጮች አሉበት። ውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይመግቡታል፤ ከፊሉም ለአፈሩ ይተርፋል። ዩሪያ ግን በፋብሪካ ከተፈጥሮ ጋዝ ወይም ከድንጋይ ከሰል ነው የሚሠራው። ማሳ ላይ ከተበተነም በኋላ ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ በብዙ እጥፍ ምድርን ያሞቃል። አንዲት ጭልፋ ሽሮ ያን ያህል ሥራ ሠርታ ነው ድስትሽ ውስጥ የምትገባው። ይህን ለገበሬዎች ስናገር ኖሬ ለገዛ ልጄ ሳልነግራት መቅረቴ ይቆጨኛል።

ረቡዕና ዓርብን እንደተውሽ አውቃለሁ፤ ወቀሳ አይደለም። ጾም የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ለአየር ንብረት ብለሽ ጹሚ አልልሽም። ምግቡን ግን አትርሺው። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ስልጆ፣ በሁዳዴ አያትሽ የምትሠራው የሽምብራ ዓሣ። ሁሉንም ታውቂዋለሽ። ሥጋ የሌለበት ማዕድ አንቺ የምታስተምሪው እንጂ የምትማሪው አይደለም። እግዚአብሔር ብሎ ካረገዝሽ ግን ሐኪምሽን ሳታማክሪ ከገበታሽ ምንም አትቀንሺ።

ወደ እንጀራው ልመለስ። ከእኛ አገር የጤፍ እህል ወደ ውጭ መላክ እ.ኤ.አ. በ2006 ታግዶ ነበር፤ የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን ይሄዳል። አንቺ ባለሽበት አገር ደግሞ አይዳሆ በተባለው ግዛት ጤፍ ይመረታል። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ጤፍን አውቆ፣ አገሩ ሲመለስ ዘራው። ከአይዳሆ እናንተ እስካላችሁበት ሜሪላንድ ድረስ በጭነት መኪና ሲመጣ ለአንድ ኪሎ ዱቄት አንድ ኪሎ ካርቦን አይሞላም። ስለዚህ ራስሽ ጋግሪ። ለኖርዌይ ቂጣ የተሠራውን ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አበሻው ሁሉ እንደሚጋግርበት ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ዓይን ባያወጣ አትዘኚ። የእናንተ ቤት በክረምት ስለሚቀዘቅዝ ሊጡ ሦስት አራት ቀን ሊፈልግ ይችላል፤ ሙቀት ካለበት ጥግ አኑሪው። አብሲቱን አትዝለዪ። የተረፈሽን ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጊ፣ ያደረውን ፈርፍሪ፣ ከዚያ ያለፈውን ድርቆሽ አድርጊው።

ስለሚጣለው ምግብም ጠይቀሽኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከሚቀርበው ምግብ ከ30 እስከ 40 በመቶው እንደሚባክን የራሷ የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ይናገራል። ከቆሻሻ መጣያ ሥፍራዎች ሾልኮ ከሚወጣው ሜቴን 58 በመቶው ከምግብ ነው። ምግቡ ከቆሻሻው ሥር ተቀብሮ አየር ሳያገኝ ስለሚበሰብስ ነው። በጅምላ ከሚሸጠው ሱቅ ያን ትልልቁን ከረጢት መግዛት ርካሽ ይመስላል፤ ግማሹን ከጣልሽው ግን ርካሽ አይደለም። ዕቃው ላይ የተጻፈውም ቀን ብዙውን ጊዜ ጣዕሙ እስከ መቼ እንደሚሰነብት የሚናገር እንጂ ተበላሽቷል የሚል ፍርድ አይደለም። ከሕፃናት ወተት በቀር የፌዴራል ሕጉ ቀን እንዲጻፍ እንኳን አያስገድድም። አሽትተሽ፣ አይተሽ ወስኚ። እናትሽ ቀን የተጻፈበት ምስር ገዝታ አታውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው አግኝተናል። እናትሽ ሦስት ኪሎ ሽሮና አንድ ኪሎ በርበሬ ቋጥራለች፤ ደረቅ ነው፣ ወራት ይቆያል። የእርሾውንና የአብሲቱን ነገር ቅዳሜ በስልክ ታስረዳሻለች፣ ወረቀት ይዘሽ ጠብቂያት። እንጀራ ስላልገባበት ሻንጣው ላይ ቦታ ተረፈ። ባዶውን ስታየው ቆይታ፣ ከሳጥኗ አዲስ ነጠላ አውጥታ አጣጥፋ አስገባችበት።

አባትሽ