«የጭንቀት ቅንጣት» ቆሻሻ አይደለም፣ የጭንቀትም አይደለም

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፦

«ስትረስ ግራንዩል» ስለሚባሉት የሴል ውስጥ ጠብታዎች በአማርኛ የሚወጡ ጽሑፎች ሁለት ስህተት ይደጋግማሉ። አንዱ «የጭንቀት ቅንጣት» ብሎ መተርጎም ነው። የባሰው ግን ከሰውነት መወገድ ያለበት ቆሻሻ አስመስሎ ማቅረብ ነው።

ስሙን በአጭሩ እንለፈው። እዚህ ላይ ስትረስ ማለት የኑሮ ሐሳብ ሳይሆን ሴሉን የሚፈታተን ሙቀት፣ መርዝ፣ የምግብ እጥረት ወይም ቫይረስ ነው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የሚያድግ፣ ነርቭ የሚባል የማያውቅ ሴል 0.5 ሚሊሞላር ሶዲየም አርሴናይት ሲጨመርበት በግማሽ ሰዓት ገደማ ቅንጣቶቹን ይሠራል። «የውጥረት ቅንጣት» ቢባል ይሻላል።

ዋናው ነገር አፈጣጠራቸው ነው። ሴል ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም የተባለው ፕሮቲን ሠሪ ማሽን፣ የጂን ትእዛዝ ቅጂ በሆነው መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ላይ ተሳፍሮ ትእዛዙን ሲያነብ ነው። ንባቡን ለማስጀመር ኢአይኤፍ2 የሚባል ፕሮቲን ያስፈልጋል። ውጥረት ሲመጣ ከአራት ኢንዛይሞች አንዱ ይነቃል፦ የአሚኖ አሲድ እጥረትን የሚከታተለው ጂሲኤን2፣ የቫይረስ ድርብ አር.ኤን.ኤ.ን የሚለየው ፒኬአር፣ በቅጡ ያልታጠፉ ፕሮቲኖች ሲከማቹ የሚነሣው ፐርክ፣ ለሂም (በደም ውስጥ ብረት የሚይዘው ሞለኪውል) እጥረትና ለአርሴናይት ምላሽ የሚሰጠው ኤችአርአይ። የትኛውም ይንቃ፣ የሚያደርገው አንድ ነው፤ በኢአይኤፍ2 አልፋ ክፍል ላይ፣ 51ኛው ቦታ ባለው ሴሪን በተባለ አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ንባብ መጀመር ይከብዳል። ቀድመው የተሳፈሩት ራይቦዞሞች ግን ጉዟቸውን ጨርሰው ይወርዳሉ፤ አር.ኤን.ኤውም ራቁቱን ይቀራል።

ቅንጣቱን የሚወልደው ይህ እርቃን ነው። ጂ3ቢፒ1 የተባለው ፕሮቲን በደኅናው ጊዜ በራሱ ላይ ታጥፎ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የተጋለጠ አር.ኤን.ኤ. ሲያገኝ ይከፈትና ብዙ አር.ኤን.ኤዎችን እርስ በርስ ያቆላልፋል። ክምችቱ ከልኩ ሲያልፍ፣ ዘይት ከውሃ እንደሚለይ ሁሉ፣ በዙሪያው ካለው የሴል ፈሳሽ (ሳይቶፕላዝም) የተለየ ሽፋን አልባ ጠብታ ይሆናል። ታናሹ የራይቦዞም ክፍል፣ ቲአይኤ1ና አታክሲን-2 የተባሉ ፕሮቲኖችም አብረው ይገባሉ። «ጠብታ» ሲባል ግን ውስጡ ሁሉ ፈሳሽ እንዳይመስል፤ በመሃሉ ጠጠር ያለ እምብርት አለው።

ብዙዎች የሚስቱት ቅደም ተከተሉን ነው። ቅንጣቱ የፕሮቲን ሥራን የሚያቆም ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጂ3ቢፒ1ና ወንድሙ ጂ3ቢፒ2 የተወገዱላቸው ሴሎች አርሴናይት ሲያገኛቸው ቅንጣት አይሠሩም፣ የፕሮቲን ሥራቸው ግን ይቆማል። ሁለት መድኃኒቶች ነገሩን የበለጠ ያጠሩታል። ሳይክሎሄክሲማይድና ፒዩሮማይሲን ሁለቱም የፕሮቲን ሥራን ያቆማሉ። የመጀመሪያው ራይቦዞሞቹን አር.ኤን.ኤው ላይ እንደቸነከራቸው ስለሚያስቀር ቅንጣቶቹ ይበተናሉ፤ ሁለተኛው ራይቦዞሞቹን ስለሚያራግፍ ቅንጣቶቹን ያበረታል። ስለዚህ «የውጥረት ቅንጣት አገኘን» የሚል ጥናት የሳይክሎሄክሲማይድ ማነጻጸሪያ ከሌለው ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ሌላ ዓይነት የፕሮቲን ጓል ሊሆን ይችላል። ጂ3ቢፒ1ን ከልክ በላይ እንዲያመርት የተደረገ ሴልም ያለ ምንም ውጥረት ቅንጣት ይሠራልና፣ ይህም ብዙዎችን ያሳሳተ ወጥመድ ነው። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2017 በተደረገ ልኬት፣ ቅንጣቱ ውስጥ የገባው ከሴሉ መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር፤ ረጃጅሞቹና በደካማው የሚነበቡት ይበዙበታል።

ጥቅሙስ? ራክ1 የተባለውን፣ ሴል ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋ መንገድ ላይ ያለውን ፕሮቲን ይዞ በማስቀረት ሴሉን ከሞት ያዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በተቀደደ የሊሶሶም (የሴሉ መፍጫ ከረጢት) ሽፋን ላይ ተሰብስቦ እንደሚደፍን ታይቷል። ለቫይረስ የማይመች መሆኑን የሚመሰክሩት ቫይረሶቹ ራሳቸው ናቸው፦ የፖሊዮ ቫይረስ ጂ3ቢፒ1ን በኢንዛይም ይቆርጠዋል፣ የቺኩንጉንያና የኮቪድ-19 ቫይረሶች በራሳቸው ፕሮቲን ይጠልፉታል።

አርሴናይቱ ከታጠበ ቅንጣቱ በአንድ ሁለት ሰዓት ይበተናል። የተበተነ እንጂ የተጣለ አይደለም፤ አብዛኛው አር.ኤን.ኤና ፕሮቲን ወደ ሥራው ይመለሳል። በሙቀት የተፈጠረው ግን ተጨማሪ እርዳታ ይሻል፦ ጂ3ቢፒ1 ላይ ዩቢኩዊቲን የተባለ ትንሽ ምልክት ፕሮቲን ይለጠፋል፣ ቪሲፒ የተባለው ኢንዛይም መንጭቆ ያወጣዋል። ችግሩ የሚመጣው ይህ መፍታት ሲዘገይ ነው። ጡንቻ አንቀሳቃሽ ነርቮችን በሚገድለው ኤ.ኤል.ኤስ. በሽታ ከሚለወጡት ጂኖች መካከል ቪሲፒ፣ ኤፍዩኤስና ቲአይኤ1 መኖራቸው በአጋጣሚ አይመስለንም። በአታክሲን-2 ውስጥ ብዙውን ጊዜ 22 የሆነው የግሉታሚን (አንድ አሚኖ አሲድ) ድግግሞሽ ወደ 27–33 ሲረዝም የበሽታው ዕድል ይጨምራል። ሆኖም በታማሚዎቹ ዘንድ በአብዛኛው የሚገኘው ቲዲፒ-43 የተባለው ፕሮቲን ጓል ከቅንጣቱ ውጭም ሊፈጠር እንደሚችል የሚያሳዩ ሙከራዎች አሉ፤ «ቅንጣቱ በሽታውን ያመጣል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መደምደም አይቻልም።

በሕክምናም የታየው ይህንኑ ያስጠነቅቃል። አታክሲን-2ን የሚቀንስ መድኃኒት በኤ.ኤል.ኤስ. ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ጥቅም ስላላሳየ እ.ኤ.አ. በ2024 ተቋርጧል። በኢአይኤፍ2 ላይ የሚለጠፈውን የፎስፌት ውጤት የሚሽሩና በላቦራቶሪ ቅንጣቱን የሚበትኑት፣ ኢስሪብ የተባለው ውህድ ዘመዶችም በታማሚዎች ላይ ተሞክረው በሽታውን አላዘገዩም። በካንሰር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እንደ ቦርቴዞሚብ ያለ መድኃኒት የዕጢው ሴሎች ቅንጣት እንዲሠሩ ያደርጋል፣ እነርሱም በዚያው ተጠልለው ከመድኃኒቱ ይተርፋሉ። ስለዚህ «ሴልን ከውጥረት ቅንጣት ያጸዳል» የሚል ማስታወቂያ ወደ ጋዜጣችሁ ሲመጣ፣ የየትኛውን ሴል ቅንጣት፣ ከምን ያህል ሰዓት በኋላ ብላችሁ አስነጋሪውን ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሴል ባዮሎጂ ባለሙያ አንባቢዎቻችሁ