ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኳስ፦ ለልጆቻችን የእግር ኳስ ካምፕ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የማኅበረሰባችን አባላት፣

የትምህርት ዘመኑ እየተገባደደ ነው። ልጆቻችን ያንን ረጅም ዕረፍት እንዴት እንደሚያሳልፉት ሁላችንም እናውቃለን፤ ስልክ ላይ ተደፍተው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ ጠብ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ድርጅቱ እንደሚለው ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ታዳጊዎች እዚያ የሚደርሱት ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም።

እኛም ዘንድሮ አንድ ነገር አስበናል። ከ6 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች፣ ለሴቱም ለወንዱም፣ የአንድ ሳምንት የእግር ኳስ የቀን ካምፕ። ልጆቹ ጠዋት ይመጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የሚያሠለጥኗቸው የኮሌጅ ቡድን አሰልጣኞች ናቸው። ረዳቶቻቸው ደግሞ በዚያው ቡድን የሚጫወቱ ተማሪዎች።

ለዚህ ገንዘብ ያስፈልገናል። ዙሪያ ጥምጥም አንሄድም። ግን ገንዘባችሁ ምን ላይ እንደሚውል ሳታውቁ ኪሳችሁን እንድትዳብሱ አንፈልግም። ስለዚህ ትንሽ ታገሡን።

መጀመሪያ የማንገዛውን እንንገራችሁ። ዋንጫ አንገዛም። ስም የታተመበት ማልያ አናሠራም። ባነር፣ የመዝጊያ ድግስ፣ ቪዲዮ አንሺ፣ እነዚህ ሁሉ የሉም። መጥፎ ስለሆኑ አይደለም። ልጆች ዋንጫ እንደሚወዱ እናውቃለን። ግን ያለችን ገንዘብ ትንሽ ናት፣ እሷን የምናውለው ደግሞ ልጁ ኳስ የሚነካበትን ጊዜ ለማብዛት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ብዙ ቦታ የልጆች ልምምድ እንዴት እንደሆነ አይታችሁ ይሆናል። ሠላሳ ልጅ ይሰለፋል። ፊት ለፊት አንድ አሰልጣኝ፣ አንድ ጎል፣ ሁለት ኳስ። ልጁ ተራው ሲደርስ አንዴ ይመታል፣ ከዚያ ሮጦ ሰልፉ ጭራ ላይ ይቆማል። እዚያ ቆሞ ከጓደኛው ጋር ይጓተታል፣ ሣር ይነጫል፣ አሰልጣኙ ይጮህበታል። ሰዓቱ ያልቃል። ልጁ ቤት ሲገባ «ዛሬ ልምምድ ነበረኝ» ይላል። ኳሷን የነካው ግን በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ሰልፉን መበተን፣ ቡድኑን ማሳነስ፣ ኳሱን ማብዛት። ማንቸስተር ዩናይትድ ከ9 ዓመት በታች ላሉ ልጆች 4 ለ 4 እና 8 ለ 8 ጨዋታን አወዳድሮ ነበር። በ4 ለ 4 ልጆቹ ብዙ ጊዜ ተቀባበሉ፣ ብዙ አብዶ ሠሩ፣ ብዙ ጎል አገቡ። የሚያስገርም አይደለም። ሜዳው ላይ ስምንት ልጅ ብቻ ካለ መደበቂያ የለም። ኳሷ ወደ ሁሉም ትመጣለች፤ ዓይን አፋሯ ልጅ ጋም ጭምር።

ዕቅዳችን ይህ ነው። ለአስር ልጅ አንድ አሰልጣኝ እና አንድ ረዳት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኳስ። ጠዋት ኳስ መቆጣጠር፣ ማቀበል፣ አንድ ለአንድ፤ ከሰዓት በኋላ በትንንሽ ሜዳ ጨዋታ። ይህ ቀላል ይመስላል። ወጪው የሚመጣው ግን ከዚሁ ነው። አሰልጣኝ ማብዛት ማለት ክፍያ ማብዛት ነውና።

«ለምን የእኛው ሰዎች በነጻ አያሠለጥኑም?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ወላጆች ደርሶናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኳስ የሚወድ ሰው አላጣንም። እኔ ራሴ እወዳለሁ፤ ግን ዳር ቆሜ «ምታው! ምታው!» ከማለት ያለፈ የማስተምረው ነገር የለኝም። ማሠልጠን ሙያ ነው። የኮሌጅ አሰልጣኝ በየዓመቱ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ተጫዋቾችን ይቀበላል። በልጅነታቸው ምን እንዳመለጣቸው ያያል። አንዱ ግራ እግሩን አይጠቀምም። ሌላዋ ኳስ ከመቀበሏ በፊት ቀና ብላ ዙሪያዋን አታይም። በዚያ ዕድሜ ይህን ማረም አቀበት ነው። በዘጠኝ ዓመት ግን ጨዋታ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃሉ። በትምህርት ዕረፍት ደግሞ የራሳቸው ውድድር ስለሌለ ጊዜ አላቸው። ጊዜ አላቸው ማለት ግን በነጻ ይሠራሉ ማለት አይደለም፤ መጠየቁም ነውር ነው።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። ከኮሌጅ ተጫዋች ጋር ጎበዝ የሆነ ሁሉ ከስድስት ዓመት ልጅ ጋር ጎበዝ አይሆንም። የስድስት ዓመት ልጅ የጫማ ክሩን ማሰር ይረሳል፣ ሽንት ቤት ይላል፣ ቢራቢሮ ካየ ጨዋታው አበቃ። ስለዚህ ትንንሾቹን የምንሰጠው ከልጆች ጋር ሠርተው ለሚያውቁት ብቻ ነው። አሰልጣኞቹንም ስናነጋግር መጀመሪያ የጠየቅነው ይህንን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ይህ የምልመላ መድረክ አይደለም። «የኮሌጅ አሰልጣኝ ልጄን አይቶ ስኮላርሺፕ ይሰጠው ይሆናል» ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ በፍቅር እንንገራችሁ፣ አይሆንም። የአስር ዓመት ልጅን ማንም አይመለምልም። ልጁ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። እየተማረ የሚጫወት ወጣት ከጎኑ ቆሞ ያያል። ረዳቶቹን ተማሪዎች ለማምጣት ያን ያህል የለፋነው ለዚህ ነው።

ከገንዘቡ ሁለተኛው ትልቅ ድርሻ የሚሄደው መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ነው። ካምፑ የተሳትፎ ክፍያ አለው። ከአራት ልጆች አንዱ በነጻ እንዲገባ እንፈልጋለን። ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ አንዱን ብቻ መርጦ እንዲልክ አንፈልግም። መርጦ መላክ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያመጣ ወላጅ የሆነ ያውቀዋል። የድህነት ማስረጃ አምጡ አንልም። ቅጹ ላይ «ክፍያው ይከብደናል» የሚል ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ዝርዝሩን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። አሰልጣኞቹ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ አያውቁም። ልጆቹማ ጭራሽ።

አሁን ወደ ኳሱ እንምጣ። የምናገኘው የኳስ ስጦታ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቁጥር ነው። 5 ቁጥር የአዋቂ ኳስ ነው። ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም። ለ13 ዓመት ልጅ ልክ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ከባድ ነው፣ እግር ያሳምማል፣ ልጁም ጠንክሮ መምታት ይፈራል። ከ8 ዓመት በታች ላሉት 3 ቁጥር፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉት 4 ቁጥር ያስፈልጋል። እባካችሁ ኳስ ስትገዙልን ቁጥሩን እዩ። ያገለገለም ቢሆን ችግር የለም። አየር ይያዝ እንጂ ቀለሙ ቢለቅ ማንም አያይለትም።

የቅልጥም መጋጫም እንሰበስባለን። በእግር ኳስ ሕግ 4 መሠረት መጋጫ ግዴታ ነው፣ እኛም ካለ መጋጫ ማንንም ሜዳ አናስገባም። ልጅ ቶሎ ያድጋል። በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የጠበበ መጋጫ እና የጠበበ ታኬታ እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ። መጋጫው ካልተሰነጠቀ አምጡት። ታኬታ ከሌለ ስኒከር ይበቃል፣ በእሱ ምክንያት የሚመለስ ልጅ የለም።

ስለ ደኅንነት ብዙ ጥያቄ ስለተነሣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጠዋት ጠዋት የሰውነት ማሟሟቂያው ፊፋ ለልጆች ያዘጋጀው «11+ ኪድስ» የሚባለው ነው። ሰባት እንቅስቃሴዎች አሉት፦ በአንድ እግር መቆም፣ መዝለል፣ አወዳደቅን መለማመድ፣ የመሳሰለው። በአራት የአውሮፓ አገሮች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ይህንን የሠሩ ልጆች ላይ የደረሰው ጉዳት ካልሠሩት በ48 በመቶ ያነሰ ነበር። መሣሪያ አይፈልግም። የሚፈልገው በየቀኑ ሳይሰለች በትክክል የሚያሠራ አሰልጣኝ ነው።

ቴስታ፣ ማለትም ኳስን በጭንቅላት መምታት፣ ለትንንሾቹ አይፈቀድም። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ቴስታን ይከለክላል፣ ከ11 እስከ 13 ዓመት ላሉት ደግሞ በልምምድ ላይ ይገድበዋል። እኛም ይህንኑ እንከተላለን። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። ፀሐይ ሲበረታ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው ውኃ ይጠጣል፤ ጠማኝ ያለም ያላለም። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ከሜዳ ይወጣል፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍ አይመለስም። ልጆቹ እንደሚነጫነጩ ከወዲሁ እናውቃለን።

አንድ መሣሪያ ግን ለብቻው እንጥቀስ፤ የልብ ማስነሻው ዲፊብሪሌተር። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2021 ከፊንላንድ ጋር ሲጫወቱ ሜዳ ላይ መውደቁን ታስታውሳላችሁ። ልቡ ቆሞ ነበር። ያተረፈው ሐኪሞቹ በፍጥነት መድረሳቸው እና ይህ መሣሪያ እዚያው መኖሩ ነው። በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ለብሬንትፎርድ ተጫወተ። ልቡ የቆመ ሰው ያለ ዕርዳታ በቆየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። በልጆች ላይ ብዙ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ቢሆንም ሜዳው ዳር ከሌለ አንጀምርም። መግዛት ውድ ነው፤ ለአንድ ሳምንት የሚያውሰን መሥሪያ ቤት ወይም ክሊኒክ የምታውቁ ካላችሁ ከገንዘብ በላይ ረዳችሁን ማለት ነው።

ልጆቹ ጋ የሚቀርብ አዋቂ ሁሉ፣ አሰልጣኝም ሆነ ውኃ የሚያድል ወላጅ፣ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም። ልጁን ከቅጹ ላይ ስሙ ካለ ሰው በቀር ማንም አይወስደውም፤ አጎቱ ነኝ ቢልም። ቅር አትሰኙብን።

ስለ ሴት ልጆችም አንድ ቃል። ብዙ ሴቶች ልጆች ኳስ የሚያቆሙት ስላልወደዱት አይደለም። ሃያ ወንድ መሀል ብቻዋን የቆመች ልጅ ኳስ የሚያቀብላት ታጣለች፣ ከዚያ ትቀራለች። ስለዚህ ከአሰልጣኞቹ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች እንዲሆኑ ጠይቀናል። የሴቶች ብቻ ቡድንም ይኖራል። ከወንዶቹ ጋር መጫወት የምትፈልግ ደግሞ ትጫወታለች፣ ምርጫው የእሷ ነው።

ሰጪ እንጂ ጠያቂ እንደማትሆኑ እናውቃለን፤ ግን ጠይቁን። ገንዘቡ የሚገባው ካምፑን በሚያዘጋጀው ኮሚቴያችን ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው፣ የሚወጣውም በሁለት ሰው ፊርማ ነው። ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ እንሰጣለን። ካምፑ ሲያልቅ ገቢና ወጪው ተጽፎ ይለጠፋል፤ የውኃው ሳይቀር። የተረፈ ካለ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል። ኳሶቹና መጋጫዎቹ የጋራ ንብረት ሆነው ይቆያሉ።

ገንዘቡ ካልሞላስ? ይህንንም ተነጋግረንበታል። አምስቱን ቀን አራት ወይም ሦስት እናደርጋለን። ለአንድ አሰልጣኝ የሚደርሰውን ልጅ ቁጥር ግን አናበዛም፣ የነጻ ቦታዎቹንም አንነካም። ሠላሳ ልጅ ከምናሰልፍ ካምፑ ቢያጥር ይሻላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ምን እንደሚሆን ተረቱን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ትንሽ ነው ብላችሁ አትቅሩ። የአንድን ልጅ ሳምንት መሸፈን የምትችሉ ሸፍኑ። ካልሆነ የአንድ ኳስ፣ ካልሆነ የአንድ መጋጫ። ገንዘብ ከሌላችሁ ጊዜ አለ፦ ጠዋት ምዝገባ ላይ የሚቀመጥ፣ ኮን የሚደረድር፣ ኳስ የሚነፋ፣ መኪና ኖሮት ልጆች የሚያመላልስ ያስፈልገናል። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ያላችሁ ነርሶችና የጤና ባለሙያዎች ደግሞ በየቀኑ አንዳችሁ ሜዳው ላይ ብትገኙልን ትልቅ ነገር ነው። ድርጅት ያላችሁ፣ ጥላ የሚሆን ድንኳን ወይም የውኃ በርሜል ብታውሱን በደስታ እንቀበላለን። ማስታወቂያችሁን የልጆች ማልያ ላይ ማተም ግን አንችልም፣ ማልያ የለማ!

ለአሰልጣኞቹ ቁርጡን መንገር ያለብን ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከዚያ ካለፈ ሌላ ሥራ ይይዛሉ። ስለዚህ ምን ያህል እንደምትሰጡ፣ ወይም በየትኛው ቀን መጥታችሁ እንደምትረዱ ከዚያ በፊት ለኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ንገሩልን። ገንዘቡ በኋላ ቢመጣም ግድ የለም፤ ቃላችሁን ቀድመን ከያዝን የነጻ ቦታዎቹን ቁጥር ወስነን ምዝገባውን እንከፍታለን።