የብራስ ባንድ ክበባችን ዓመት

ዘንድሮም ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተገናኝተናል። በሰንደቅ ዓላማ ቀንና በወላጆች ቀን ተጫውተናል። አይታችሁናል፣ አልደግመውም። ማውራት የምፈልገው ስለ ቱባዋ፣ ወፍራሙን ድምፅ ስለምታወጣው ትልቋ የትንፋሽ መሣሪያችን ነው።

«ይህቺ ትልቋ ምን ትሠራለች?» ትሉናላችሁ። ባንዱን የምትሸከመው እሷ ናት። ቱቦዋ ተዘርግቶ ቢለካ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። መቃኘቱም ከባድ ነው። የኛዋ ሦስት ፒስተን ብቻ ነው ያላት፤ ፒስተን በጣት ሲጫኑት ትንፋሹን ወደ ተጨማሪ ቱቦ የሚያዞር ቁልፍ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው አብረው ሲጫኑ ድምፁ ከቅኝቱ ልክ ከፍ ይላል። የሦስተኛው ቱቦ የተለካው ለብቻው እንዲሠራ ነውና አንደኛው ሲጨመርበት ርዝመቱ አይበቃም። አራት ፒስተን ባላቸው ቱባዎች ይህ ችግር ይቃለላል። የኛ ልጆች እየነፉ ቱቦውን በእጃቸው ሳብ ያደርጉታል።

በታኅሣሥ እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ለስፖርት ቀን ተጋበዝን። ማለዳ ነው፣ ሜዳው ውርጭ ለብሷል። ብርድ ቱቦ ውስጥ ያለውን አየር ሲያቀዘቅዘው ድምፅ ከቅኝቱ ልክ ይወርዳል። ትራምፔት ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ትሞቃለች፣ ቱባ ግን ጊዜ ትፈልጋለች። ቱቦው አጥሮ ድምፁ ከፍ እንዲል ዋናውን ማስተካከያ ቱቦ ወደ ውስጥ ገፋነው። ጥግ ደረሰ፣ ድምፁ አሁንም ወርዷል።

ቱባ የምትነፋው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጋቢዋን አውልቃ ቱባዋን አለበሰቻት። ፒስተኖቹን ሁሉ ተጫነችና ድምፅ ሳታወጣ ትንፋሿን ታስገባ ጀመር። እሷ በሹራብ ብቻ ትንቀጠቀጣለች።

«ብርድ ይመታሻል» አልኳት።

«ቲቸር፣ እሷ ትብሳለች።»

በትዝታ ቅኝት ጀመርን። የቱባዋ የመጀመሪያ ድምፅ ከትራምፔቶቹ ጋር ሲገጥም ደረቴ ላይ ተሰማኝ። ፀሐይ ወጥቶ ቱባዋ ስትሞቅ ደግሞ ድምጿ ከፍ ማለት ጀመረ። ልጅቷ ማንም ሳይነግራት ማስተካከያውን ግማሽ ጣት ያህል መልሳ ሳበችው።

ሚያዝያ ላይ አንድ ፒስተን ተጣብቆብን ወሩን ሙሉ ያለ ቱባ ሠርተናል። ሁለት ልጆችም ሰፈር ቀይረው ሄደውብናል።

ብራስ ባንድ የፈረንጅ ነገር ነው ለሚሉን፣ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውንና የቤተ መንግሥቱ ብራስ ባንድ የሆኑትን 40 የአርመን ልጆች ማስታወስ ይበቃል። መቶ ዓመት የሞላው ነገር የሰው አይባልም።

የስፖርት ክበቡ አዲስ ማልያ በማግኘቱ ደስ ብሎኛል። እኛ አዲስ ቱባ አልጠየቅንም። የፒስተን ዘይትና የቱባ ሣጥን ግን ያስፈልገናል። ቱባዋ አሁንም ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ በዚያው ጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ልጅቷ መልሳ አልወሰደችውም።